የእትዬ ጀልባ ፉጨት

ተረት ጸሐፊዎች ረግረግ ሲያዩ ምን እንደሚነካቸው እኔ እንጃ። ጫካ ሲሆን ልዑል ያስገቡበታል፤ ተራራ ሲሆን ንስር ያሳርፉበታል፤ ወንዝ ከሆነም አንዲት ቆንጆ ፀጉሯን ትታጠብበታለች። ረግረግ ላይ ሲደርሱ ግን ብዕራቸው ይጠቁራል። ጉም ይነዙበታል፣ የደረቀ ዛፍ ያቆሙበታል፣ መሃሉ ላይ አንዲት ጥርሰ ወላቃ አሮጊት ይጎልቱና ልጅ ያስበሏታል። ረግረጉ ምን በደላቸው? አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል። እዚህ ግን አይጧም የለች፤ ዳዋው ብቻ ነው የሚቀጠቀጠው።

ይህን ሁሉ የምለው ለወሬ ማሟሻ አይደለም። አንዲት ሴት አውቃለሁ፤ ልጆች እትዬ ጀልባ ይሏታል። ቤቷ ሸምበቆው ከሚጀምርበት ከረግረጉ ዳር ናት። አንድ ክፍል ናት፤ ወለሏ ጣውላ ነው፤ በስንጥቁ ቁልቁል ላየ ውሃ ይታያል። ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ የወንድ ዝናብ ልብስ ተሰቅሏል፤ የአባቷ ነበር። እናቷ ቀደም ብላ ሞታለች። አባቷ ሲከተል ዝናብ ልብሱን፣ ጀልባውንና ገና አፉን በወጉ ያልፈታ ወንድሟን ትቶላት ሄደ። ያኔ እሷም ልጅ ነበረች። ዝናብ ልብሱ ቁርጭምጭሚቷ ድረስ ይወርድ ነበር። እጅጌውን ጠቀለለች፣ ረጅሙን ዘንግ ጨበጠች፣ ጀልባዋን ከጭቃው ገፋች። ከዚያ ወዲህ አረፍ ብላ አታውቅም።

ሥራዋ ሰው ማሻገር ነው። ወዲህ ማዶ መንደሩ፣ ወዲያ ማዶ ትምህርት ቤቱና ገበያው። በእግር ልሂድ ለሚልም መንገድ አለ፤ ግን ረግረጉን ዞሮ ከባድ መኪና በሚንጋጋበት አስፋልት ጠርዝ ነው። እዚያ አስፋልት ላይ ማን ማን እንደቀረ የመንደሩ እናቶች ያውቃሉ። በእትዬ ጀልባ ጀልባ ግን የጠፋ ልጅ የለም። ጠዋት ታሻግራቸዋለች፣ ከሰዓት ትመልሳቸዋለች። የምትከለክላቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጀልባ ላይ መቆም። ሌላው ሁሉ ይፈቀዳል፤ መዝፈኑም፣ መነታረኩም፣ እንቁራሪት መሳደቡም።

መሃል ላይ ጠባብ መታጠፊያ አለ። ሸምበቆው ከሰው ቁመት ስለሚበልጥ ከወዲያ የሚመጣው ከወዲህ ያለውን አያየውም። ስለዚህ የረግረጉ ሰው አንድ ደንብ አለው፤ ቀድሞ የደረሰ ያፏጫል፣ ወዲያኛው ቆሞ ያሳልፈዋል። የሌላው ሁሉ ፉጨት ያው ፉጨት ነው። የእትዬ ጀልባ ግን ሁለት ጣቷን ከምላሷ ሥር አስገብታ የምታወጣው፣ ረጅም ሆኖ ሄዶ መጨረሻው ላይ ጥያቄ የሚጠይቅ ይመስል ወደ ላይ ብድግ የሚል ነው። «ሴት ልጅ እንዴት ታፏጫለች?» ያሏት ነበሩ። «ተጋጭታችሁ ስትሰምጡ ደግሞ ሴት ልጅ እንዴት ትዋኛለች በሉኝ!» ብላ አፋቸውን አስያዘቻቸው።

ወንድሟን ጩጬ ትለዋለች። ዛሬ ፀጉሩ ሸሽቷል፣ ቦርጭ አውጥቷል፤ ለእሷ ግን ያው ጩጬ ነው። በጀርባዋ አዝላው ቀዝፋለች፤ ከፍ ሲል የጀልባው አፍንጫ ላይ አስቀምጣው ፊደል አስቆጥራዋለች። እሷ ከትምህርት ቤት ቀርታ እሱን ላከችው። ከተማ ገባ፣ ተማረ፣ የልጆች ተረት ጸሐፊ ሆነ። መጽሐፍ በወጣለት ቁጥር ለተሳፋሪው ሁሉ ትነግራለች፤ «የኛ ልጅ እኮ» ትላለች፣ የኛ የምትለው ከማን ጋር ሆና እንደሆነ ባይታወቅም።

በኋላ ያ መጽሐፍ ወጣ።

መጽሐፉን የትምህርት ቤቱ አስተማሪ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ለልጆቹ ማንበብ ጀመረች። ልጆቹ የመጀመሪያ ቀን እየሳቁ ተሳፈሩ። በማግስቱ አልሳቁም። ከዚያ በኋላ ባለው ቀን፣ ዘወትር ከጀልባው አፍንጫ ላይ ካልተቀመጥኩ የምትል አንዲት ጥርሰ ፍንጭት ልጅ መሃል ገብታ ተሸጎጠች። መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ እትዬ ጀልባ ጣቷን ወደ አፏ ስትወስድ ልጅቷ ጆሮዎቿን ደፈነች።

«ምን ሆንሽ? አመመሽ እንዴ?»

«እትዬ… እባክዎ አያፏጩ።»

«ለምን?»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። ሌሎቹም አቀርቅረው ጫማቸውን አዩ።

እትዬ ጀልባ የልጅ ነገር ነው ብላ አለፈችው። ሰንበትበት ሲል ግን መቀመጫው እየሳሳ መጣ። አንድ ጠዋት ብቅ ስትል ልጆቹ ሁሉ ሸምበቆ ቆራጩ ጀልባ ላይ ተደርድረዋል። ሸምበቆ ቆራጩ ወፍራም፣ እንቅልፋም፣ ክፋት የማያውቅ ሰው ነው። ጀልባው ሰፊ ቢሆንም እሱ ዘንግ ሲገፋ ያንጎላጃል። ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ፣ «ምን ላድርግ ብለሽ ነው? እናቶቻቸው ለመኑኝ» አላት። «ደግሞ አታፏጭብን ብለውኛል። እኔ መታጠፊያው ጋ የጀልባዬን ጎን በዘንጌ እመታለሁ። ልጆቹ ፉጨት ሲሰሙ ይንቀጠቀጣሉ።»

«ፉጨት ምን አደረጋቸው?»

«አላነበብሽውም እንዴ?» አለ፤ ወዲያው ደግሞ ባልተናገርኩ ብሎ ፊቱን አዞረ።

የዚያን ዕለት ከአስተማሪዋ መጽሐፉን ተውሳ መስኮቷ ሥር ተቀመጠች። ንባቧ ቀርፋፋ ነው፤ በጣቷ እየተከተለች ታነባለች። ረግረግ አለ፤ ጥቁር ነው፤ ይሸታል። ጉም አለ። እሺ። ጀልባ የምትገፋ ሴት አለች። እሺ። ሴትየዋ የሞተ ወንድ ዝናብ ልብስ ትለብሳለች። ጣቷ ቆመ። ከዚያ ሁለት ጣቷን ከምላሷ ሥር ከትታ ታፏጫለች፤ ፉጨቱን የሰማ ልጅ ከአልጋው ተነስቶ በእግሩ ማጡ ውስጥ ይገባል፤ እሷ ደግሞ ከታች ሆና ትቀበለዋለች። በመጽሐፉ ውስጥ ስሟ ባለ ፉጨቷ ነው።

ቆሽቷ ድብን አለ። መጽሐፉን ልትወረውረው ከፍ አድርጋ የሰው መሆኑ ትዝ ብሏት መልሳ አስቀመጠችው። «ባጎረስኩ ተነከስኩ!» አለች ለባዶው ቤት። እንባዋ ቢመጣም አልፈቀደችለትም፤ ቁጣዋን እንዳያበርድባት ፈራች። ጎበዝ፣ ሌላው ቢቀር ስሟን በክፉ ቢያነሳ ትችለው ነበር፤ ልጆቹን ነው የወሰደባት። ያሳደገችው ልጅ ሌሎቹን ልጆች ከእቅፏ ነጠቃት። ያለ ልጆቹ ያ ጀልባ ምንድነው? ውሃ ላይ የተቀመጠ እንጨት።

በማግስቱ እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ከተማ ወረደች።

ወንድሟ የሚሠራው ከአሳታሚ ድርጅቱ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱን ስላላመነችው በደረጃ ወጣች። ክፍሉ ምንጣፍ አለው፤ መስኮቱ አይከፈትም፤ ጠረጴዛው ላይ የሻይ ብርጭቆ የደረቀ ክብ ክብ ምልክት ትቷል። ግድግዳው ሙሉ የመጽሐፉ ሽፋን ተለጥፏል፤ ጥቁር ውሃ፣ ደረቅ ዛፍ፣ ጀርባዋን የሰጠች ሴት። ዝናብ ልብሱን ሥዕል ሠሪው አሳምሮ ስሎታል፤ የተቀደደው ኪሱ እንኳን አልቀረም።

ወንድሟ ሲያያት ብድግ አለና ሊስማት እጁን ዘረጋ። «እትዬ! ምነው ሳትነግሪኝ መጣሽ?»

«አንተስ ነግረኸኝ ነው የጻፍከው?»

እጁ አየር ላይ ቀረ። ጥግ ላይ ወረቀት የምታገላብጥ ሽክ ያለች ሴት ነበረች፤ አሳታሚዋ ናት። ነገሩን ስታይ ወረቀቷን ቀስ ብላ ማገላበጥ ጀመረች፤ ግን አልወጣችም።

«እትዬ ሙች፣ ስላንቺ አይደለም» አለ ወንድሟ። «ቁጭ በይና ስሚኝ። ተረት ሲጻፍ አንባቢው የሚፈራበት ቦታ ያስፈልጋል። ረግረግ ለዚህ የተመቸ ነው። መሬት ነው ሲሉት ውሃ፣ ውሃ ነው ሲሉት መሬት። ጉም አለው። ድምፅ ይሰማል፣ ባለቤቱ አይታይም። እግር ያስገባል እንጂ አያስወጣም። ሌሎቹም ደራሲዎች እንዲህ ነው የሚያደርጉት።»

«ሌሎቹ ረግረግ ውስጥ ነው ያደጉት?»

«አይ…»

«እንግዲያው ይፍሩ! የማያውቁትን ፈርተው ይጻፉ፣ ማን ከለከላቸው? አንተ ምን ቆርጦህ ነው? ጉም ሲወርድ በጀርባህ ተንጋለህ ‹እትዬ፣ ደመና ውስጥ ገባን› ትለኝ አልነበረም? ትኩሳት ይዞህ በሌሊት ሐኪም ቤት ያደረሰህ ይሄ ያስገባል እንጂ አያስወጣም የምትለው ረግረግ አይደለም? እሱን የት ጣልከው?»

«የእኔ እመቤት፣» አለች አሳታሚዋ በለስላሳ ድምፅ፣ «ደግ ረግረግ ማን ያነብልናል ብለው ነው?»

እትዬ ጀልባ ዓይኗን ከወንድሟ ሳትነቅል ጠየቀች። «ፉጨቱስ?»

ወንድሟ ብዕሩን አነሳ፣ አስቀመጠ። «ፉጨቱ… እንዲሁ መጣልኝ። ከየት እንደመጣ እኔም አላውቅም።»

ልታምነው ፈለገች። እንዲህ ተቃጥላም ልታምነው መፈለጓ ይበልጥ አናደዳት። «ትመጣለህ» አለች። «ልጆቹ ፊት ቆመህ ‹ከልቤ ፈጥሬ ነው፣ ረግረጉ ውስጥ ማንም የለም› ትላቸዋለህ። በአንተ አፍ ካልሰሙት አያምኑኝም። ካልመጣህ ግን እህት አለኝ እንዳትል።»

«እመጣለሁ፣ እትዬ። እመጣለሁ።»

መምጣቱንስ መጣ። ግን ብቻውን አልመጣም፤ አሳታሚዋንና አንድ ካሜራማን አስከትሎ ነው። ጠዋት ነበር፣ ጉሙ ገና አልተነሳም። እትዬ ጀልባ ካሜራውን ስታይ ግንባሯ ተቋጠረ፤ ወንድሟ ግን ቀድሟት፣ «ልጆቹን ሳናግር ይቀርጸናል፤ ሌሎችም ይሰሙታል» አላት። ደግ ነገር ነው ብላ አሳፈረቻቸው። አሳታሚዋ ጫማዋን አውልቃ በሁለት እጇ ያዘች። ጀልባዋ በሸምበቆው መሃል ቀስ ብላ ገባች፤ ካሜራማኑ ግራና ቀኙን እያየ፣ «አቤት! አቤት ሲያስፈራ!» ይላል፣ ደስ ብሎት።

መታጠፊያው ጋ ከመድረሳቸው በፊት ካሜራማኑ ዘወር አለ። «እናት፣ እስኪ እዚህ ላይ ያፏጩልን። ፊትዎን ወደዚህ። ዝናብ ልብሱን ወደ ላይ ይቆልፉት።»

ነገሩ ያን ጊዜ ገባት። ልጆቹ ሰበብ ናቸው፤ የተፈለገችው እሷ ነበረች። ዘንጓን ጭቃው ውስጥ ተክላ ጀልባዋን አቆመች።

«እኔ የማፏጨው ሰው እንዳይጋጭ ነው» አለች። «ለናንተ ጨዋታ አላፏጭም። ወይ ፍንክች!»

«አንዴ ብቻ፣ እትዬ» አለ ወንድሟ፣ አሳታሚዋን በዓይኑ ጠርዝ እያየ። «ከዚያ ቀጥ ብለን ትምህርት ቤት።»

«ሞቼ ነው ቆሜ!»

ወንድሟ ከንፈሩን ነከሰ። ከዚያ፣ በሰው ፊት ያፈረ ሰው የሚያደርገውን ጅልነት አደረገ፤ ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ ከቶ ራሱ አፏጨ።

ፉጨቱ የእሷ ነበር። ረጅሙ መሄድ፣ መጨረሻው ላይ ብድግ ማለቱ፣ ሁሉም ነበረበት። ሰው እንዲሁ የመጣለትን ነገር እንዲያ አያፏጭም። እትዬ ጀልባ ወደ ወንድሟ ዞረች። ያውቅ ነበር። ሲጽፈው የማንን ጣት፣ የማንን አፍ እንደሚጽፍ ያውቅ ነበር፤ እዚያ ፎቅ ላይ ዓይን ዓይኗን እያየ ዋሽቷታል። «አንተ…» ብላ ጀመረች።

አልጨረሰችውም። ከመታጠፊያው ወዲያ፣ ከሸምበቆው ጀርባ፣ የልጆች ጩኸት ተነሳ። የሸምበቆ ቆራጩ ድምፅ፣ «ቁጭ በሉ! ኧረ አትቁሙ! ቁጭ!» እያለ ለመነ። ቀጥሎ አንድ ከባድ ነገር ውሃው ላይ ተገለበጠ።

ባለ ፉጨቷ መጣች ብለው ነው የቆሙት። ካሜራማኑ አሁንም ካሜራው ትከሻው ላይ ነው። እትዬ ጀልባ ዘንጉን ነቅላ ጀልባዋን በኃይል ገፋቻት፤ አሳታሚዋ ወደ ኋላ ተዘረረች። መታጠፊያውን ሲዞሩ ሰፊው ጀልባ ሆዱን ወደ ሰማይ አድርጎ ይታያል። ውሃው እዚያ ጋ ጥልቅ አይደለም። ሸምበቆ ቆራጩ እንቅልፉ ጠፍቶ፣ እስከ ደረቱ ገብቶ ልጆቹን አንድ በአንድ እያነሳ የተገለበጠው ጀልባ ላይ ይሰቅላቸዋል። የቀሩት ሸምበቆ ጨብጠዋል። ጥርሰ ፍንጭቷ ብቻ በወዲያኛው ጎን፣ ማጡ ካለበት፣ እስከ ብብቷ ገብታ እጇን ታወራጫለች።

እትዬ ጀልባ ዘላ ገባች። ማጥ ውስጥ እንዴት እንደሚኬድ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች፤ በሆዷ ተኝታ፣ ዘንጉን ከፊቷ እየገፋች ደረሰችና እጇን ዘረጋች። «ያዥኝ፣ የኔ ልጅ።»

ልጅቷ ዝናብ ልብሱን አየች። ዓይኗ ፈጠጠ። «አትንኪኝ!» ብላ ጮኸች፤ እርስዎ ካልሆነ አንቺ ብላ የማታውቅ ልጅ። «አትንኪኝ! ሂጂ!» በሁለት እጇ እየገፋቻት ወደ ኋላ ሸሸች፣ ወደ ጥልቁ። ጭቃው ትከሻዋን ዋጠው። እትዬ ጀልባ በተጠጋች ቁጥር ልጅቷ ትሰምጣለች፤ ሊያድናት የተዘረጋውን እጅ እየሸሸች ልትሞትባት ነው። በሕይወቷ እንዲህ ያለ እልህ ይዟት አያውቅም። የምትመታው ሰው ብታገኝ በመታች፤ በዚያች ቅጽበት ግን ማድረግ የቻለችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እጇን መሰብሰብ።

«ጩጬ!» አለች በሙሉ ድምፅዋ። «ግባ!»

ወንድሟ ከነጫማው ገባ። ልጅቷ አወቀችው፤ መጽሐፉ ጀርባ ላይ ፎቶው አለ። እጇን ሰጠችው። እሱ ግን ከተማ ሲኖር እግሩ ረስቶ ኖሯል፤ ቀጥ ብሎ ስለቆመ ልጅቷን እንደያዘ አብሯት መውረድ ጀመረ። እትዬ ጀልባ ከኋላው ደርሳ ኮሌታውን ጨመደደች። ዘንጉን ከብብቷ ሥር አጋድማ፣ ጥርሷን ነክሳ ሁለቱንም ጎተተቻቸው። ልጅቷ ደራሲውን አንቃ ይዛ ታለቅሳለች፤ ደራሲውን ማን እንደያዘው አላየችም።

አንድም ልጅ አልጠፋም። ወዲያ ማዶ ዳር ላይ ደረደሯቸው፤ ከትምህርት ቤቱ መጋረጃና የጠረጴዛ ልብስ እየመጣ ተጠቀለሉበት። ገበያ የወጡ እናቶች እየጮሁ ደረሱ። ጥርሰ ፍንጭቷን ያወጣው ደራሲው ነው የሚለው ወሬ ከእናቶቹ ቀድሞ ደርሶ ኖሮ እጁን ሊስሙ ተጋፉ። አሳታሚዋ ባዶ እግሯን ቆማ ለካሜራማኑ፣ «ካሜራው አልጠፋም ነበር አይደል? ሁሉም ተቀርጿል? ይሄ እኮ ለመጽሐፉ…» አለች። እትዬ ጀልባ ዞር ብላ አየቻት። አሳታሚዋ የቀረውን ዋጠችው።

ወንድሟ እጁን ከእናቶቹ አስለቀቀ። ጭቃው ፊቱ ላይ መድረቅ ጀምሯል። ጥርሰ ፍንጭቷ ፊት ተንበረከከ።

«ስሚኝ» አላት። «ቅድም የሰማሽው ፉጨት የእኔ ነው። ባለ ፉጨቷ የምትባል ሴት የለችም፤ እኔ ነኝ የፈጠርኳት። ፉጨቱን ከእህቴ ወስጄ ነው። እኔ ያንቺን ያህል ሳለሁ ሸምበቆ ውስጥ ስጠፋ እህቴ ታፏጭልኛለች፣ ያንን ተከትዬ ቤቴ እገባለሁ። ቅድም አንቺንም እኔንም ጎትታ ያወጣችን እሷ ናት። ይቺውት።»

ልጅቷ ቀና ብላ አየች። እትዬ ጀልባ ውሃ እያንጠባጠበች፣ ዘንጓን ተደግፋ ቆማለች። ልጅቷ ለረጅም ጊዜ አየቻት፤ ጥርሷ ይንገጫገጫል። ከዚያ ወደ ደራሲው ተመለሰች።

«ታዲያ ለምን ክፉ አደረጓት?»

ደራሲው አፉን ከፈተ። ለዚህ መልስ አያጣም፤ ስለ ጉም፣ ስለ ማጥ፣ ስለ አንባቢ ፍርሃት ሰው ፊት ሲያወራ ከአፉ ማር ይንጠባጠባል። አሁን ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ትልቅ ሰው ከባድ ነገር ሲጠይቀው እንደሚያደርገው አንገቱን አዙሮ እህቱን አያት፤ እሷ እንድትመልስለት።

«እኔን ምን ታየኛለህ?» አለች እትዬ ጀልባ። «የጠየቀችህ አንተን ነው። መልስላት!»